ዋዋ ልመርጥ ገብቼ የተቆለፈብኝ ቀን

ይህ ነገር ያጋጠመኝ በእኛ አቆጣጠር በዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ፣ ሐምሌ ወር ላይ ነው። ሐምሌን ያነሣሁት በምክንያት ነው፤ የጅቡቲን ሐምሌ የሚያውቅ ሰው ቀጥሎ የምነግራችሁን ሲሰማ ላቡ ይመጣበታል። እኔም እስካሁን ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

ያን ጊዜ በአንድ የኢትዮጵያውያን ባንድ ውስጥ ጊታር እጫወት ነበር። ዋዋ የሚባለውን ዕቃ የማያውቅ ካለ፣ በእግር የሚረገጥ ፔዳል ነው። ጣት ክሩን ሲመታ እግር ከፍ ዝቅ እያደረገ ጊታሩን «ዋ... ዋ» ያሰኘዋል። የድሮ ዘፈኖቻችን ያለ እሱ ጨው የሌለው ወጥ ናቸው። የእኔን ዋዋ የባሕሩ እርጥበት ውስጡን በልቶት በረገጥኩት ቁጥር ሽንኩርት እንደሚጠበስ ይንጫጫ ጀመር።

የባንዱ መሪ ጋሽ ታደሰ ዙሪያ ጥምጥም አያውቅም። «ዛሬ ማታ ሰርጉ ላይ ደህና ዋዋ ይዘህ ካልመጣህ ያንተን ድርሻ ኪቦርዱ ይጫወተዋል» አለኝ። ኪቦርዱ ላይ ደግሞ አንድ ቁልፍ አለች፤ ስትነካ የጊታርም የዋዋም ድምፅ ታወጣለች። ያቺ ቁልፍ አንድ ጊዜ ከተነካች ጊታር ተጫዋች ለምን ያስፈልጋል መባሉ አይቀርም። በእሷ ምክንያት ከሥራ የወጡ ጓደኞች አሉኝ። ስለዚህ ነገሩ ለእኔ የእንጀራ ጉዳይ ነበር።

ከምኒልክ አደባባይ ጀርባ የሙዚቃ ዕቃ የሚሸጥ አብዲ የሚባል የድሬዳዋ ልጅ ነበር። ሁለት ዋዋ አወጣልኝ። አንዱ ከነካርቶኑ አዲስ ነው። ሌላው አገሩ የተመለሰ አንድ ሙዚቀኛ የተወው፣ ጎማው የተላጠ፣ ከባድ ነው። «አቦ፣ ሞክርና ውሰድ። ግን በጆሮ ማዳመጫ ይሁን፣ ጎረቤት ይጮህብኛል» አለና ከመደርደሪያዎቹ ጀርባ ባለችው ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በባትሪ ከምትሠራ ትንሽ አምፕሊፋየር ጋር አስቀመጠኝ።

እኔ ስመርጥ የማሰለች ሰው ነኝ። ባለቤቴ ከእኔ ጋር ጫማ መግዛት ከተወች ቆይታለች። አዲሱን ረገጥኩ፤ ጥርት ያለ ነው፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ግን ይሰልላል። አሮጌውን ረገጥኩ፤ ድምፁ ወፍራም ነው፣ እግር ላይ ግን ይከብዳል። እንደገና ወደ አዲሱ ዞርኩ።

በዚህ መሃል መብራቱ ጠፋ፤ ማራገቢያውም ቆመ። እኔ ቀና እንኳ አላልኩም። የመብራት መጥፋት ለእኔ ምን አዲስ ነገር አለው? አምፕሊፋየሯም ፔዳሉም የራሳቸው ባትሪ አላቸው። «ሄደ እንግዲህ» ብዬ በጨለማው መጫወቴን ቀጠልኩ።

ላቤ ጊታሩ ላይ ሲንጠባጠብ ነው ማዳመጫውን ያወለቅኩት። «አብዲ!» ብዬ ተጣራሁ። ወደ ፊት ስወጣ የብረት መዝጊያው እስከ ታች ወርዷል፤ ከውጭ ተቆልፏል።

ያኔ ገባኝ። ሰባት ሰዓት አልፎ ነበር። በዚያ ሰዓት ገደማ ከኢትዮጵያ የመጣውን ጫት የሚያከፋፍሉት መኪኖች ጥሩምባቸውን እያስጮኹ ሲያልፉ የጅቡቲ ሰው የያዘውን ጥሎ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ እስከ ዐሥር ሰዓት መንገድ ላይ ፀሐይ ካልሆነ ማንንም አታገኝም።

መዝጊያውን ደበደብኩ፤ ጮህኩ። በሐምሌ ሞቃቱ ነፋስ የከተማውን መዝጊያ ሁሉ ሲያንኳኳ ስለሚውል የእኔን ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል? ስልክም የለኝም፤ ሞባይል ያኔ የባለጸጎች ነበር። ቤቱ እንደ ዳቦ ምድጃ ግሏል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ፈራሁ። እዚሁ ተዝለፍልፌ ዐሥር ሰዓት ላይ ሬሳዬን ያገኙታል አልኩ። አብዲን የረገምኩትን እርግማን እዚህ አልጽፈውም።

ከዚያ አምፕሊፋየሯን ከመዝጊያው ሥር አስጠጋሁ፤ ማዳመጫውን ነቅዬ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። በአዲሱ ዋዋ ጀመርኩ። የሰው ኮቴ ሰማሁ። ወዲያው መዝጊያው በጫማ ተመታ። «ክላ! ሂድ ወዲያ!» አለች የሴት ድምፅ። ድመት መስያታለሁ። መጫወቴን አቁሜ ስጣራ ርቃ ነበር።

አሮጌውን ሰካሁና ቀስ እያልኩ እየረገጥኩ አንዱን ክር ሳብኩት።

«ያ አላህ! ልጅ ቆልፎበት ሄዷል!» አለች ያቺው ሴት ተመልሳ።

«ልጅ አይደለም፣ እኔ ነኝ!» አልኩ ተንበርክኬ፣ አፌን ወደ መዝጊያው ሥር አስጠግቼ።

«አንተ ማነህ? ልጁን ምን እያደረግከው ነው?»

«ልጅ የለም እህቴ፣ ጊታር ነው!»

«ጊታር ያለቅሳል እንዴ? ዋላሂ፣ ልጁን ብትነካው!» አለችና ስትሮጥ ሰማኋት።

ይቺ ሴት ማዶ ጥላ ዘርግታ ጫት የምትሸጥ ፋጡማ የምትባል የድሬ ሴት ናት። ጫቷን ሳትሸፍን ትታ፣ በዚያ ፀሐይ ካርቲየ 3 እስከሚባለው ሰፈር ሄዳ አብዲን ከሚቅምበት ቤት ጎትታ አመጣችው።

መዝጊያው ተነሣ። አብዲ አንድ ጉንጩ እንዳበጠ ቆሟል። ይቅርታ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ «አንተ አልወጣህም እንዴ?» አለኝ።

«ቆልፈህብኝ በየት ልውጣ?»

«መብራት አጠፋሁ እኮ! ሰባት ሰዓት ላይ ባለሱቅ መብራት ሲያጠፋ ሰው ይወጣል። ይህን የማያውቅ አለ እንዴ?»

«እኔ መብራት የሄደ ነው የመሰለኝ!»

«ታዲያ መብራት ሄዶ ጨለማ ውስጥ ምን ትሠራለህ አቦ?»

እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይህ ጥያቄው ነው።

እኛ ስንጨቃጨቅ ፋጡማ ካርቶን እያነሣች ልጁን ትፈልጋለች። ብንነግራትም አላመነችም። በመጨረሻ አሮጌውን ረግጬ አሰማኋት። እጇን አፏ ላይ ጭና ሰማችና ካርቶን ላይ ቁጭ አለች። «የእኔ ትንሿ ልጅ ድሬ፣ እህቴ ዘንድ ናት» አለች። «ትቻት ስመጣ ልክ እንዲህ ነበር ያለቀሰችው። በቃ፣ አትድገመው።» ተነሥታ ወደ ጥላዋ ሄደች። ጫቷ በፀሐይ ጠውልጎ ነበር። በንዴት ላይ ስለነበርኩ በቅጡ እንኳ አላመሰገንኳትም።

ከዚያ በኋላ ምን ምርጫ አለ? አሮጌውን ወሰድኩ።

ማታ ሰርጉ ላይ ተራዬ ሲደርስ ያለኝን ሁሉ አወጣሁ። ጋሽ ታደሰ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ምን ሆነሃል? ሰርግ ቤት ውስጥ ሰው ልታስለቅስ ነው?» አለኝና ኪቦርድ ተጫዋቹን በዓይኑ ጠቀሰው። እሱም ቁልፏን ነካት። ሰዉ ጭፈራውን ቀጠለ፤ እኔ እግሬን ፔዳሉ ላይ እንዳደረግኩ ቀረሁ። ብዙም ሳልቆይ ከባንዱ ወጣሁ።

አሁንም በአብዲም፣ በጋሽ ታደሰም፣ በዚያች ቁልፍም እናደዳለሁ። ሱቅ ገብቼ ዕቃ ስሞክር የምቀመጠው በሩ አጠገብ ነው። ፔዳሉን ግን ገዢ ቢመጣለትም አልሸጥኩትም። ስንት ዓመት መድረክ ላይ ቆሜ ስጫወት ሰው በልቷል፣ ጠጥቷል፣ ወሬውን አውርቷል። ጊታሬን ሰምታ ገበያዋን ጥላ የሮጠችው ፋጡማ ብቻ ናት።