ከፍተኛ ክላስ የጠየቁት ጋሽ መኮንን

«እኔ ነኝ ዝቅተኛ ክላስ?» ብለው ጋሽ መኮንን ዛሬ ካውንተሩን በቡጢ ሲመቱት እስክሪፕቶዬ ወደቀ።

አሜሪካ፣ ኢስት ፖይንት በሚባል ከተማ የጭነት መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው። እቃ እመዝናለሁ፣ እለካለሁ፣ ክላስ የሚሉትን የጭነት ምድብ ቁጥር እሰጣለሁ።

ጋሽ መኮንን ያመጡት የበር ማጠፊያ ነው። ሳጥኑ ትንሽ፣ ግን ፎርክሊፍቱን ያስጨነቀ ብረት። «ክላስ ሃምሳ» አልኳቸው። ከሳቸው በፊት የእህታቸው ባል ደረጀ የብረት ወንበሮች ይዞ መጥቶ ክላስ ሁለት መቶ ሃምሳ ወጥቶለታል። ሁለቱ አይነጋገሩም።

ደረጀ ከሚስቱ ጋር ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። ክላስ ሲባል የአውሮፕላን መስሎታል፣ የኔ ጌታ!

«ጋሼ፣ እዚህ የተገላቢጦሽ ነው» አልኩ፣ ሆን ብዬ ጮክ ብዬ። «ቁጥሩ ከፍ የሚለው እቃው ቦታ ይዞ ክብደት ሲያጣ ነው። የእርስዎ ጥቅጥቅ ያለ ነው። የሱ አብዛኛው አየር ስለሆነ ማጓጓዣው ይወደድበታል።»

ፊታቸው በራ። ወደ እህታቸው ዞረው «ስታገቢው ምን ብዬሽ ነበር? ይኸው አሜሪካ ለክታ ባዶ ነው አለችልሽ!» አሏት።

ለባሏ ትቆማለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ የወንበሮቹን ፕላስቲክ እያጠበቀች፣ ቀና እንኳን ሳትል፣ «እኔማ ከለካሁት ቆየሁ» አለች።

ደረጀ ክላሱ የተጻፈበትን ሌብል ተቀብሎ ወንበሮቹ ላይ አጣሞ ለጠፈው። እኔም አላቃናሁለትም።

እናንተስ፣ በሰው ፊት ልክ ልካችሁን የነገራችሁ ቁጥር አለ? ኮመንት ላይ ንገሩን።

ደረጀ፣ አንተ ይቅርብህ። ያንተን ለክተናል።