የታጠበው ስልክ ቁጥር

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት በነሐሴ መጨረሻ ነው። ዛሬም ዝናብ ማካፋት ሲጀምር ከተቀመጥኩበት ብድግ ያሰኘኛል። የግድግዳ ማስታወቂያ የሚያሠሩ ደንበኞቼ "ስልኩን ደመቅ ባለ ቀለም አድርጊልን" ሲሉኝ ለምን እምቢ እንደምል ግራ ይገባቸዋል። ምክንያቱን ለሁሉም ማስረዳት ስለማይሆንልኝ እዚህ ልጻፈው።

ቢቸና ውስጥ አንዲት ጠባብ የኅትመትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ከተፈጥሮዬ አንድ ቦታ መርጋት አልችልም። አንዱ ፕሪንተር አትሞ ሳይጨርስ ሌላውን አስነሣለሁ። ወንድሜ አንማው "አንቺ ተኝተሽም እግርሽ ይሄዳል" እያለ ይቀልድብኛል። አባታችን ጡረታ የወጡ መምህር ሲሆኑ የሚኖሩት ከእኔ ጋር ነው። ያን ጊዜ ማስታወስ እየተሳናቸው ነበር። የወጣትነታቸውን ነገር አንድ ሳያስቀሩ ያወጋሉ፤ ቁርስ መብላታቸውን ግን ይረሳሉ። ብቻቸውን እንዳይውሉ ሱቅ ይዣቸው እሄዳለሁ፤ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ።

ያን ሰሞን ለእንቁጣጣሽ ካርድ ብዬ ከአዲስ አበባ አዲስ ቀለም አስመጥቼ ነበር። ፍሎረሰንት ይሉታል። ሮዙና ቢጫው ዓይን ይወጋል፤ ሐሰተኛ ብር ለመለየት ሱቄ ውስጥ ባስቀመጥኳት የብር መፈተሻ ሰማያዊ መብራት ሥር ሲያዩት ደግሞ ከወረቀቱ ውስጥ የበራ ይመስላል። በውኃ የተበጠበጠ ቀለም ስለሆነ እርጥበት እንዳይነካው ሻጩ አስጠንቅቆኛል። የእንቁጣጣሽ ካርድ ማን ዝናብ ላይ ያሰጣል ብዬ ከቁብ አልቆጠርኩትም።

የመጀመሪያዎቹን ካርዶች እንዳተምኩ በሩን ገርበብ አድርጌ ለአባቴ በመብራቷ አሳየኋቸው። አደይ አበባው ቦግ ሲል ከልባቸው ሳቁ። አንዱ ካርድ ላይ ሻይ ፈስሶበት ጽሑፉ ታጥቦ ነበር። እሱንም ከመብራቷ ሥር ሳደርገው የጠፋው ጽሑፍ ደብዘዝ ብሎ ታየ። አባቴን ከሁሉም የገረማቸው ይኼ ነው። በማግስቱ ጭራሽ ረስተውት "እስኪ ያችን መብራት አብሪልኝ" አሉ፤ አሳየኋቸው፤ እንደ አዲስ ተገረሙ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሱቁ ሰው ሞልቷል። ትምህርት ቤት ሊከፈት ስለሆነ ሁሉም ሰነዱን ኮፒ ማድረግ ይፈልጋል። ፕሪንተሩ ወረቀት ቀርቅሮ አልለቅም ብሎኛል። አባቴ ከወንበራቸው ሆነው መብራቷን እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። ዞር እንኳ ሳልል "አባዬ፣ ስንት ጊዜ ላሳይዎት? ሥራ ላይ ነኝ እኮ" አልኳቸው። የተቀረቀረውን ወረቀት አውጥቼ ቀና ስል ወንበሩ ባዶ ነው።

መጀመሪያ ቤት ሄዱ ብዬ ሮጥኩ፤ የሉም። ገበያውንም ቤተ ክርስቲያኑንም ሆስፒታሉንም አዳረስኩ። መናኸሪያው ጋ አንዲት ሎሚ ሻጭ እኔ የነገርኳትን የሚመስል ሽማግሌ ወደ ደጀን በሚወርድ መኪና ሲሳፈር እንዳየች ነገረችኝ። አንማው ወዲያው ወደ ደጀን ሄደ። ደጀን የመኪና መተላለፊያ ነው፤ ከዚያ ወዴትም መሄድ ይቻላል። አባይ በረሃ ትዝ ሲለኝ ያገኘሁትን መንገደኛ ሁሉ እያስቆምኩ መጠየቅ ጀመርኩ።

እኔም ዝም ብዬ ከምጠብቅ ብዬ የማፈላለጊያ ወረቀት ለማተም ተቀመጥኩ። ኮምፒውተሬ ላይ ያገኘሁት ፎቶ ጡረታ የወጡ ዕለት ክራቫት አስረው፣ ጢማቸውን ተላጭተው የተነሡት ነው፤ አሁን ግን ጢማቸው ሸብቶ ረዝሟል። ፎቶውን በጥቁር አደረግኩት። ስማቸውንና ስልኬን ግን ከሩቅ እንዲታይ ብዬ በዚያ ዓይን በሚወጋ ሮዝ አተምኩት። ሻይ የፈሰሰበትን ካርድ በዓይኔ አይቼ፣ የሻጩን ቃል በጆሮዬ ሰምቼ፣ በነሐሴ ዝናብ! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለእኔ ነው። ስልሳ ወረቀት ለመኪና ረዳቶች አደልኩ፤ ወደ ደጀን ለሚወርዱትም፣ ወደ ሞጣ ለሚሄዱትም። በየደረሱበት እንዲለጥፉልኝ ለመንኳቸው። ቃላቸውንም ጠብቀዋል።

አባቴ ሳይገኙ ነጋ። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ ጠዋትም አላባራም። ወሬ ካለ ብዬ መናኸሪያ ስደርስ የራሴን ወረቀት ግድግዳው ላይ አየሁት። የአባቴ ፊት እንዳለ ነው፤ ጥቁሩ ቀለም ውኃ አልበገረውም። ከፎቶው በታች ግን ሮዝ ውኃ ግድግዳውን ይዞ ወርዷል። አንድም ቁጥር አይነበብም። ስልሳ ቦታ የአባቴን ፊት ለጥፌ፣ ስልሳ ቦታ የት እንደሚደወል ደብቄ ማለት ነው። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ሰው ማየቱንም አላፈርኩበትም።

ሱቅ ተመልሼ ሁሉንም በጥቁር እንደገና ማተም ጀመርኩ። ከጥድፊያ ብዛት ወረቀቱን አጣምሜ አስገባለሁ፣ አወጣለሁ። አንማው ከደጀን ደውሎ ምንም ፍንጭ እንደሌለ ነገረኝ። ስልኩን ዘግቼ ሳልጨርስ በማላውቀው ቁጥር ተደወለ።

"የጠፋ ሰው የምታፈላልጉት እናንተ ናችሁ?"

ነን አልኩ፤ ከወንበሬ ብድግ ብዬ። ሰውየው ሐጂ እንድሪስ የሚባሉ የሞጣ ጨርቅ ነጋዴ መሆናቸውን ነገሩኝ። የጠፋውን ሰው እንዳላዩት አስቀድመው ተናገሩ፤ ተስፋ እንዳይሰጡኝ ብለው ነው መሰል። የደወሉት አንድ ሽማግሌ አላስቀምጥ ስላሏቸው ነው። ሽማግሌው ከሱቃቸው ታዛ ሥር ዝናብ ሊያስጠልሉ ቆመው ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት ሲያዩት ቆዩ። ከዚያ "ይህን ሰው ዝናብ እየመታው ነው" ብለው ነቅለው ይዘውት ገቡ። ስሙ የተጻፈበት ጫፍ ተቀድዶ ግድግዳው ላይ ቀርቷል። ሐጂ ጽሑፉ መታጠቡን ሲነግሯቸው፣ ሽማግሌው ጠረጴዛው ላይ ያለችውን የብር መፈተሻ አይተው ከዚያች ሥር እንዲያደርጉት አዘዟቸው።

"ቀልድ መስሎኝ ነበር" አሉኝ ሐጂ። "አበራሁት፤ ቁጥሩ ወጣ። አንዷ ብቻ ሦስት ትሁን ስምንት አልለይ አለችኝ። መጀመሪያ የደወልኩላት የአማኑኤል ከተማ ሴት 'የእኔ ሰው ሁሉ ቤቱ ነው' ብላ ዘጋችብኝ።"

የታጠበ ጽሑፍ በመብራት እንደሚወጣ የሚያውቅ ሽማግሌ እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነው። ሽማግሌው ምን እንደለበሱ ጠየቅኳቸው። ጋቢ፣ ከውስጥ ቡናማ ሹራብ አሉኝ። የሹራቡን የላይኛ ቁልፍ እንዲያዩልኝ ለመንኳቸው፤ ቡናማ ክር አጥቼ በቀይ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሐጂ ስልኩን እንደያዙ ሄደው አዩልኝ።

"በቀይ ክር ነው" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እንግዲህ ልጄ፣ እንዳይደነግጡ እኔ ምንም አልላቸውም። ሻይ አስመጣላቸዋለሁ። አንቺ ተረጋግተሽ ነዪ።"

መረጋጋት ከየት ይመጣል? ከቢቸና ሞጣ ያን ቀን ያህል ርቆኝ አያውቅም። ሾፌሩ ሰው ለመጫን በቆመ ቁጥር እኔ መቀመጫዬ ላይ እነሣለሁ። ሞጣ አባቴ በወጣትነታቸው ያስተማሩባት ከተማ ናት። ከሁሉም በፊት ላስባት ሲገባኝ የማላውቃትን ሎሚ ሻጭ አምኜ ወንድሜን ወደ ደጀን ላክሁ። አባቴ ያደሩት ትምህርት ቤት ውስጥ እንደሆነ በኋላ ሰማሁ። ለማስተማር መምጣታቸውን ለዘበኛው ነግረውታል። አነጋገራቸው የመምህር ስለሆነ ሰውየው አልጠረጠረም፤ እራቱን አካፍሎ አልጋውን ለቆላቸዋል። አላህም እግዚአብሔርም ይስጥልን ብለን እሱንም ሐጂንም ዛሬ ድረስ እንመርቃለን።

ሱቁ ስደርስ አባቴ ሻያቸውን ሳይነኩ ቆመዋል። መዳፋቸው ሮዝ ሆኗል። ሲያዩኝ እንደ ማንኛውም ቀን ነው የተቀበሉኝ።

"መጣሽ? ሰውየው ተገኘ?"

"ተገኙ፣ አባዬ" አልኳቸው።

"ተመስገን" ብለው ያን ጊዜ ቁጭ አሉ። "ፈላጊ ያለው ሰው ታድሏል።"

ልጠመጠምባቸው ስል እጄን ያዙኝና ወደ ሐጂ ጠረጴዛ ሳቡኝ። ያን የተጨማደደ ወረቀት መብራቷ ሥር ዘርግተው ከታጠበው ሮዝ መሃል የኔን ስልክ ቁጥር በጣታቸው አሳዩኝ። "ይኼን ልጄ ናት ያሳየችኝ" አሉ፤ ልጃቸው አጠገባቸው ቆማ። "አየሽ? ይነበባል።"

"አላየሁም፤ እንደገና ያሳዩኝ" አልኳቸው። እንደገና አሳዩኝ። ደግሜ ጠየቅኳቸው፤ አልሰለቹኝም።

አባቴ ዛሬም በሩ አጠገብ ወንበራቸው ላይ ናቸው። መብራቷን አሳዪኝ ማለት ከተዉ ቆዩ፤ እኔ ነኝ በየቀኑ ሳልጠየቅ የማበራላቸው። አንዳንዴ ያዩታል፣ አንዳንዴ ሌላ ቦታ ያያሉ። ያን ዕለት ጠዋት የተናገርኳቸውን እሳቸው ረስተውታል፤ ለእኔ ግን አልረሳ አለኝ። አልፎ አልፎ ዝናቡ ጣሪያውን ሲመታ ቀና ይሉና "ሰውየው ተገኘ?" ብለው ይጠይቁኛል። ተገኙ እላቸዋለሁ። ያልኩትንም ቃል ሳልጨርስ ተነሥቼ በሩ መዘጋቱን አያለሁ።