አብዝተህ ቆጠብክ ተብዬ

ደቡብ አፍሪካ፣ ዳቬይተን ሰፈር ትንሽ ሱቅ አለኝ። ለእርጅናዬ ብዬ ግብር የማይከፈልበት የቁጠባ ሒሳብ ከፍቼ በየዓመቱ የተፈቀደውን ያህል ብቻ አስገባለሁ፤ ከጣሪያው ካለፈ ያስቀጣልና። ዘንድሮ ግን «ከጣሪያው አልፈዋል» የሚል የቅጣት ደብዳቤ ደረሰኝ። ደሜ ፈላ! ባለቤቴን አስከትዬ ግብር ቢሮ ሄድኩና ጠረጴዛውን እየደበደብኩ «አንድ ራንድ እንኳ አላሳለፍኩም!» ብዬ ጮኽኩ።

ሠራተኛዋ ኮምፒውተሯን አየችና «ባባ፣ ሌላ ባንክም ሒሳብ አለዎት። ጣሪያው ለሁለቱም በድምሩ ነው» አለችኝ።

«በስሜ የከፈተው ሌባ ነው! ፖሊስ ጥሪልኝ!»

ይኼኔ ባለቤቴ እጅጌዬን ያዘችና በአማርኛ «አትጩህ፣ እኔ ነኝ» አለችኝ። «አምና የሱቅ ፈቃድ ነው ብዬ ያስፈረምኩህ ወረቀት እሱ ነበር። ስታረጅ የልጆችህን እጅ እንዳታይ ብዬ ነው።»