የበሩ መቃን ላይ ያለው ቅቤ

ትናንት ሚኒባሴን ሊቀባ የመጣው ልጅ የሾፌሩን በር ከፈተና፣ በሩ ሲዘጋ የማይታየውን መቃን በጣቱ ዳሰሰ። «እትዬ፣ እዚህ ጋ ቅባት አለው፤ ልጥረገው?» አለኝ። ከአቧራ ጋር ተጋግራ የጠቆረች፣ መዳፍ የማታህል ቦታ ናት። ጠጋ ብዬ አሸተትኳት። የከረመ ቅቤ ትሸታለች። «ቆይ» ብዬው ወደ ደጅ ወጣሁ።

ስሙኝማ፣ ያኔ መኪናዋ መጀመሪያ የተቀባች ጊዜ ከጅዳ ከተመለስኩ ገና ሦስት ወሬ ነበር። ስንት ዓመት የሰው ቤት አጽድቼ የገዛኋት ይቺው ሚኒባስ፣ ቀለሟ ተልጦ፣ ጎኗ ዝጎ ግቢያችን ውስጥ ቆማለች። ካልተቀባች ቦሎ አታገኝም፤ ቦሎ ከሌላት ደግሞ ከመካነ ሰላም ወጥታ አቀስታ አትደርስም። ደላላው «ሌላ ቪዛ መጥቶልሻል፣ እስከ ሐሙስ ቁርጡን ንገሪኝ» ብሎኛል። እኔም መኪናዋ እስከ ሐሙስ ከተቀባች እቀራለሁ፣ ካልሆነ እሄዳለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ይህንኑ ለእናቴ ነገርኳት።

ቀለም ቀቢውን ከደሴ ነበር ያስመጣሁት። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ጥፍሩ ሥር ሁልጊዜ ነጭ ስቱኮ አይጠፋም። ዝገቱን ፋቀ፣ ስርጉዱን በስቱኮ ሞላ፣ ማታ ማታ ውሃ እያፈሰሰ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰ። ያ የመፋቅ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ቀለሙን የሚረጨው ግን ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ስትበረታ ብቻ ነው። «በጉም የተረጨ ቀለም ወተት የፈሰሰበት ይመስላል» ይል ነበር።

እሑድ ቀትር ላይ ረጨ። ጎኗም ጣሪያዋም አማረ። ግንባሯ ላይ ግን፣ ከመስታወቱ በታች፣ ቀለሙ እየሸሸ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ጉድጓድ ጉድጓድ አወጣ። የሚረጭበት ኮምፕሬሰር ውሃ ይዞ ይሆናል ብሎ ውሃውን አፈሰሰ፤ ማታ ፍቆ በማግስቱ ደገመው። ያው ሆነ። ቀለሙን የሚያቀጥንበትን ቲነር ቀይሮ ማክሰኞም ሞከረ። አሁንም ያው።

እኔ ደግሞ አፌ ድሮም አያርፍም። «ወይ ሥራውን አታውቀው፣ ወይ የቤታችን ምሳ ጥሞሃል» አልኩት።

አልተቆጣም። «ጥፋቱ የእኔ ቢሆን ሁሉም ቦታ ይበላሽ ነበር፣ እህቴ። አንድ ቦታ ብቻ መርጦ የሚነካ ሰው ነው» አለኝ።

የተበላሸውን ፍቆ አነሳና በጣሳ ውሃ አምጥቶ ጎኗ ላይ ደፋ፤ ውሃው እንደ ነጠላ ተዘረጋ። ግንባሯ ላይ ሲደፋው ጠብታ ጠብታ እየሆነ ተንከባለለ። ቦታውን በንጹሕ ጨርቅ አሸውና ጨርቁን አሽትቶ ለእኔ ሰጠኝ። ለጋ ቅቤ ነበር። ሁለታችንም እኩል ዞረን ደጃፍ ላይ ምስር ስትለቅም የነበረችውን እናቴን አየናት። እሷ ዓይኗን ከሰፌዱ አላነሳችም።

«እማ፣ አንቺ ነሽ?»

«ሱብሂ ሰግጄ ስወጣ ግንባሯን እቀባትና እንዳይታይ በሻሼ እወለውላታለሁ» አለች። «ሙሽራም ይቀባል፣ አራስም ትቀባለች። ዱዓ አድርጌባት ነው። እንድትቀሪልኝ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

ከፋኝም፣ አሳቀኝም። እንድቀርላት ብላ ልትሰደኝ ነበር እኮ።

ቀለም ቀቢው የሾፌሩን በር ከፈተላት። «እማማ፣ ዱዓዎ ደግ ነው፣ ቦታው ነው የተሳሳተው። አዲስ ቤት ሲገባም መቃን አይደል የሚቀባው? እዚህ ይቀቡልን፤ እዚህ እኔ ቀለም አልረጭም» አላት። እናቴ «አላህ እጅህን ይባርከው» ብላ ያኔውኑ ቅቤዋን ይዛ መጣች።

እሱም የመኪናዋን ግንባር በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥቦ፣ ጨርቅ እየቀያየረ በቲነር ጠረገው። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ሐሙስ ቀትር ላይ መርጨት ሲጀምር ስልኬ ጠራ፤ ደላላው ነው። ቀለሙ ገና እርጥብ ነበር፤ ጉድጓድ ያውጣ አያውጣ አልታወቀም። እናቴ እጇን በሻሿ እየጠረገች ታየኛለች።

«ቀርቻለሁ» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ነው ዞሬ የመኪናዋን ግንባር ያየሁት። ልሙጥ ሆኖ ነበር።

እናቴ ከዚያ ወዲያ አርብ አርብ፣ ጉዞ ሳልጀምር መቃኑን ትቀባ ነበር። አልጋ እስከያዘችበት እስካለፈው ክረምት ድረስ አንድ አርብ አላለፋትም። ከእሷ በኋላ የቀባ የለም።

ትናንት ከደጅ ተመልሼ ስገባ ልጁ ጨርቁን ቲነር ውስጥ ነክሮ ይጠብቀኛል።

«ካልተጠረገ እኮ ቀለም አይይዝም» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት። «እዚያ ጋ እንዳትቀባ።»