ከክብሪቱ በፊት ጨርቅ

እትዬ ክብሪት የምንላቸው ሴት ሲጋራ አያጨሱም። ቤታቸውም የሚበስለው በኤሌክትሪክ ነው። በሰማያዊ ቱታቸው የደረት ኪስ ውስጥ ግን ከሃያ ሁለት ዓመት ወዲህ ክብሪት ጠፍቶ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ አንዷን እንጨት ሲለኩሱ ያያቸው ሰው የለም። እንጨቶቹ የሚያረጁት በሌላ መንገድ ነው፤ በየቀኑ በሞተር ሳይክል ጎማ ጥርሶች መሃል እየገቡ እየወጡ ቀይ ራሳቸው ይፋቅና ይጣላሉ።

የሚሠሩት የሕክምና ናሙና በሚያመላልሱ ሞተረኞች ጋራዥ ነው። አሥራ አራት ሞተረኞች በየማለዳው ወደ ጤና ጣቢያዎቹ ይበተናሉ፤ የደም ብልቃጥና ሌላም ሌላም በሣጥን ጭነው ወደ ላቦራቶሪው ይመለሳሉ። እኔ እዚያው ግቢ ናሙና መቀበያው መስኮት ላይ ነው የምሠራው። መስኮቱ ከጋራዡ በር ፊት ለፊት ስለሆነ የእትዬን ሥራ ለዓመታት ሳይ ኖሬያለሁ። ገብቶኝ ማየት የጀመርኩት ግን ጠይቄ ካስረዱኝ በኋላ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከጨርቅ ነው። «ከክብሪቱ በፊት ጨርቅ» ይላሉ። የቆሸሸ ጎማ ውሸታም ነው፤ ጭቃው ቦዩን ይሞላዋል፣ አቧራው ስንጥቁን ይደፍነዋል። ስለዚህ መጀመሪያ በእርጥብ ጨርቅ ዙሪያውን ይወለውሉታል። ከዚያ ክብሪቱ ይመጣል። እንጨቱን በቀይ ራሱ ዘቅዝቀው በጥርሶቹ መሃል ባለው ቦይ ውስጥ ያቆሙታል። ራሱ ጠልቆ ከእንጨቱም ጥቂት ከተከተለው ጎማው ገና ዕድሜ አለው። ቀዩ ራስ ልክ እስኪሸፈን ብቻ ከገባ በጎማው ጎን ላይ በቢጫ ጠመኔ ይጭራሉ፤ አዲስ ይዘጋጅ ማለታቸው ነው። ቀዩ ራስ ከጥርሱ በላይ ብቅ ብሎ ከታየ ግን ቀይ ጠመኔ ይወጣል። ያ ሞተር ጎማው ሳይቀየር ከግቢው አይወጣም፤ ነጂው ማንም ይሁን፣ የሚጠብቀው ሐኪም የቱንም ያህል ይቆጣ።

አንድ ቦታ ለክተው አይተዉም። መሃሉን፣ የግራ ትከሻውን፣ የቀኝ ትከሻውን ያያሉ፤ ጎማውን ሲሶ ያህል ያዞሩና እንደገና ይጀምራሉ። በቦዩ ወለል ላይ ፋብሪካው ያስቀመጣቸው ትንንሽ ጉብታዎች እንዳሉም ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ጥርሱ አልቆ ከጉብታው ጋር እኩል ሲሆን ጎማው አበቃለት። እኔ በእነዚያ ጉብታዎች አጠገብ ስንት ዓመት እንዳለፍኩ ሳስበው እስካሁን ይገርመኛል።

ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ግን ጎማ ወጥ ሆኖ የማያልቅ መሆኑ ነው። የኋላው ጭነቱንም ግፊቱንም ስለሚሸከም መሃል ለመሃል ይበላና እንደ ጠረጴዛ ይደለደላል። የፊተኛው ፍሬን ሲያዝ የሚጨነቀው እሱ ስለሆነ ጥርሶቹ እንደ መጋዝ ወደ አንድ ወገን ይሾላሉ። ንፋስ ያነሰው በሁለቱ ትከሻዎቹ ያልቃል፤ የበዛበት በመሃሉ። ስለዚህ እትዬ ጎማ ሲያዩ የሚያነቡት ሰውየውን ነው።

ከሞተረኞቹ መሃል ነገር አዋቂ የሚሉት ወሬ ወዳድ አለ። አንድ ቀን የኋላ ጎማው በግራ ትከሻው ብቻ ተበልቶ አገኙት። እትዬ አዩትና በመንገዱ ላይ ስንት አደባባይ እንዳለ ጠየቁት። አንድ ብቻ ነው አላቸው። «ታዲያ አንዱን ስንቴ ነው የምትዞረው?» አሉት። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አደባባዩ ጥግ ላይ መድኃኒት ቤት አለ፤ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ደግሞ አንዲት ቆንጆ ፋርማሲስት። ነገር አዋቂ በዓመቱ አገባት፤ ሽማግሌ የላከው ግን ጎማው ነው እየተባለ እስከ ዛሬ ይቀለድበታል።

እሱም ብድሩን ይመልሳል። በየማለዳው ክብሪቱ ከኪስ ሲወጣ፣ «እትዬ፣ ዛሬም ሊያቃጥሉን ነው?» ይላል። እሳቸው ቀና ሳይሉ፣ «አንተን ግን ዝናብ ውስጥም ቢሆን አቃጥልሃለሁ» ይሉታል።

እትዬ ወደዚህ ሥራ የመጡት በጽዳት ሠራተኝነት ነው። ያኔ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ያለውን የውኃ ማሞቂያ ማቀጣጠልም የእሳቸው ድርሻ ስለነበር ክብሪት ከኪሳቸው አይለይም ነበር። አንድ ዝናባማ ጠዋት አንድ ሞተረኛ በር ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። የአንገቱ አጥንት ተሰበረ። ሣጥኑ ውስጥ የነበረው የደም ብልቃጥም ተሰበረ። ደሙ ከተወለደች ሦስት ቀን ከሆናት ሕፃን፣ ሥሯ ጠፍቶ ስንት ቦታ ተወግታ የተቀዳ ነው። እንደገና ተወጋች። እትዬ ወለሉን ሲያጥቡ የወደቀውን ሞተር ጎማ በእጃቸው ዳሰሱት። እንደ ሸክላ ሳህን ልሙጥ ነበር። አሥራ አራት ሰው በየቀኑ አጠገቡ አልፏል፤ ያየው የለም። እጃቸውን ኪሳቸው የከተቱት ያኔ ነው፤ የተገኘው መለኪያ ክብሪት ነበር። ማንም ሳያዛቸው በማግስቱ የሁሉንም ጎማ ለኩ። በሦስተኛው ሳምንት መጥረጊያውን ሌላ ሰው ተረከበ።

ከዚያ ወዲህ ከዚህ ግቢ የወጣ ሞተር በጎማ ምክንያት አልወደቀም። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። ጀርባቸው ግን ቀጥ ይላል።

ሴት ልጃቸው ከሦስት ዓመት በፊት እዚሁ በሞተረኛነት ተቀጥራለች። ፈጣንና ዝምተኛ ናት። በሥራ ቦታ እናቷን «እማዬ» ብላ አትጠራም፤ እንደ ሁሉም ሰው «እትዬ» ትላቸዋለች፣ «እርስዎ» ትላቸዋለች። ትንሿ ክብሪት ሲሏት ደስ አይላትም። እናትየውም የሷን ሞተር ከሌሎቹ አስበልጠው አያዩም፤ አሳንሰውም አያዩም።

ባለፈው ወር እትዬ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው የጋራዡ ኃላፊ አንድ ሐሳብ አመጣ። የማለዳው ፍተሻ ሃያ ደቂቃ ይወስዳል፤ እትዬ ሲወጡ ፍተሻውም አብሮ ይቅር፤ እያንዳንዱ ሞተረኛ ጎማዬን አይቻለሁ ብሎ ፎርም ላይ ይፈርም አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰዓት የሚያሳድደው ሰው ነው። እትዬ ሐሳቡን ሲሰሙ ፊርማ ጎማ እንደማይነካ ነገሩትና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ግን እህል አልቀመስ አላቸው። ጡረታው አላስጨነቃቸውም። ያስጨነቃቸው በሃያ ሁለት ዓመት የተሠራው ነገር ከቱታቸው ጋር ተጣጥፎ ወደ ቤት መሄዱ ነው። ውሳኔው የላቦራቶሪው ዳይሬክተር ድርሻ ነበር። እሷም ሦስት እንግዶች ይዛ የምትጎበኝበት ቀን ተቆረጠ።

ኃላፊው ለጉብኝቱ ግቢውን አሳመረ። በዋዜማው ከሰዓት፣ እትዬ የጡረታ ወረቀታቸውን ለመጨረስ በሄዱበት ሰዓት፣ ቢጫ ጠመኔ የነበረበትን የልጃቸውን የፊት ጎማ አስወልቆ ከመጋዘን ጥርሱ ሙሉ የሆነ ጎማ አስገጠመላት። ከዚያ የሁሉንም ጎማዎች በሚያጠቁርና በሚያብለጨልጭ ፈሳሽ አስቀባ።

በማግስቱ ጠዋት ካፊያው ገና ማባራቱ ነበር። ሞተሮቹ ተሰልፈዋል፤ ዳይሬክተሯና እንግዶቹ በረንዳው ላይ ቆመዋል። እትዬ ወደ መጀመሪያው ሞተር መጡ፣ ጨርቁን አወጡ፣ ጎማውን አዩት። እንደ አዲስ ጫማ ያበራል። ጨርቁን ወደ ኪሳቸው መለሱት። ከመስኮቴ ሆኜ አይቻለሁ፤ እኔም ብሆን የማደርገው እሱኑ ነው። የጸዳ ነገር ማን ያጥባል?

ክብሪቱን ይዘው በሰልፉ ሄዱ፤ ያለፉት ሞተሮች በሩ ላይ ቆመው ሌሎቹን ይጠብቃሉ። አሥራ አንደኛዋ ልጃቸው ናት። በፊት ጎማዋ ክብሪቱ እስከ እንጨቱ ጠለቀ። ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጎማውን ጫን አሉት፤ ለጋ ጎማ ጥፍር ይቀበላል፣ ያረጀ ይመልሳል። ጥፍራቸው አንሸራተታቸው። ከፈሳሹ ነው ብለው አለፉት፤ እንድትወጣም በእጃቸው ምልክት ሰጧት።

ልጅቷ አልወጣችም። የራስ ቁሯን አውልቃ መሪው ላይ ሰቀለችና ተንበረከከች። ከኮርቻዋ ሥር ጨርቅ አወጣች፤ ኩሬ ውስጥ ነክራ የጎማውን ጎን ፈተገችው። ጥቁሩ ለቀቀ። ከሥሩ፣ በጥርሶቹ ግርጌ ዙሪያውን፣ ደርቆ እንደ ተሰነጠቀ የወንዝ ጭቃ ቀጫጭን ንቃቃት ወጣ። በጎኑ ላይ የተቀረጹትን አራት ቁጥሮችም አጸዳች። የፊቶቹ ሁለት ጎማው የተሠራበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለት ዓመቱን ይናገራሉ። ጎማው መጋዘን ተቀምጦ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል። ጥርስ አለው፣ ሥጋው ግን ደርቋል፤ እንዲህ ያለ ጎማ በእርጥብ አስፋልት ላይ መንገዱን መያዝ አይችልም።

«እማዬ፣ ይቺ ጎማ አትወጣም» አለች።

በግቢው ውስጥ እማዬ ስትል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ኃላፊው ወደ ዳይሬክተሯ ዞሮ፣ ቀስ ብሎ፣ እሳቸውም ይስታሉ ማለት ነው፤ እኔም የምለው ይህንኑ ነው አለ።

እትዬ ፈሳሹን ማን እንዳስቀባ መናገር ይችሉ ነበር። ጎማውን ማን ከመጋዘን እንዳወጣውም። ጉልበታቸውን ይዘው ቁጭ አሉ፣ ንቃቃቱን በጣታቸው ተከተሉት፣ ቀይ ጠመኔ አውጥተው በራሳቸው እጅ ጎማው ላይ ጫሩበት።

«ሳትኩ» አሉ። «ጨርቁን ኪሴ መልሼ ነው የሳትኩት። ያለፉት አሥሩም ይመለሱ።»

ዳይሬክተሯ ልጅቷን ምን አስጠረጠረሽ ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ ጎማው ትናንት መቀየሩን እንደምታውቅ፣ ከሁሉ በላይ ግን እትዬ ጨርቁን ሲመልሱ እንዳየቻቸው ተናገረች። ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞረች።

«እሳቸው ሳቱ እንጂ አሠራሩ አልሳተም። ፎርም ቢሆን ኖሮ እኔ ራሴ ፈርሜ ወጥቼ ነበር፤ ጎማው ያምራል።»

ኃላፊው ጨርቅ ፍለጋ ሲሄድ የቀደመው የለም። አሥራ አራቱም ሞተር እንደገና ተወለወለ፣ ተለካ። አርባ ደቂቃ ፈጀ። እንግዶቹ አንድም ደቂቃ አልተቀመጡም፤ አንደኛው እንግዳ ጉብታዎቹን አሳዩኝ ብሎ ሱሪው ጭቃ እስኪነካ ተንበርክኮ ነበር።

በመጨረሻ ዳይሬክተሯ እትዬን ሲወጡ ማን እንዲተካቸው እንደሚፈልጉ ጠየቀቻቸው። ሁላችንም ልጃቸውን አየን። እሳቸው ግን ለአንድ ሰው አይሰጥም አሉ፤ አንድ ሰው ሲደክም ምን እንደሚሆን ዛሬ አይታችኋል። እያንዳንዱ ሞተረኛ የአጠገቡን ሞተር ይይ፤ የራሱን ጎማ ማንም አይይ፤ የራስን ሲያዩ ዓይን ያዳላል አሉ። ዳይሬክተሯ እዚያው በረንዳው ላይ ቆማ እንዲህ ይሁን አለች።

እትዬ ከደረት ኪሳቸው ክብሪቱን አውጥተው ለልጃቸው ዘረጉላት። ልጅቷ ጃኬቷን ከፈት አድርጋ አሳየቻቸው። የራሷ አላት፤ ጥጉ ተበልቶ ያለቀ ክብሪት፣ የዛሬ ወይም የትናንት ያልሆነ።

ነገር አዋቂ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔም አለኝ፣ እትዬ» አለና ከሱሪ ኪሱ አወጣ። ሌላውም አወጣ። ከአሥራ አራቱ የዘጠኙ ኪስ ውስጥ ክብሪት ተገኘ። እትዬ አንድ በአንድ አዩዋቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያሾፍባቸው የኖረ ግቢ መሆኑን ያስታወሱ ይመስለኛል።

ሞተሮቹ ከወጡ በኋላ እትዬ ወደ መስኮቴ መጡና ክርናቸውን አስደገፉ።

«አየሽ?» አሉኝ። «በሰው ፊት መለሰችብኝ።»

ይህንኑ ለዘበኛው ነገሩት። ለልብስ አጣቢዋ ነገሩት። ወደ ቤት ሲሄዱም፣ ከግቢው በር ቆመው፣ ማንነቱን ለማላውቀው መንገደኛ እጃቸውን እያወናጨፉ ሲያወሩ አየኋቸው፤ ርቀው ስለነበር ቃላቸው አልተሰማኝም። ጀርባቸው ግን ቀጥ ብሎ ነበር።