ሳይለካ የተቆረጠ ሱሪ

ልብስ ሰፊዋን የገዛ ልጇ እንኳ በቅጡ አታውቃትም። ስለ አባቷ በጠየቀች ቁጥር «ሳትወለጂ ሞተ» ትባላለች፤ ፎቶውን ግን አይታ አታውቅም። ሟቹ ካሜራ ይፈራ ነበር መሰለኝ።

ልብስ ሰፊዋ ከሜትሯ በቀር የምታምነው የለም። የቆየ ደንበኛም ቢሆን በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ ይለካል። «ሰው ባንድ ሌሊት ይወፍራል» ትላለች፣ በተለይ ጎረቤቷ እየሰማች።

ልጅቷ ታዲያ ስንት ወንድ ባለበት ሰፈር መርጣ መርጣ የመካኒኩን ልጅ ወደደች። እናት ይህን ስትሰማ «ሁለተኛ ከሱ ጋር እንዳላይሽ» አለች። ምክንያቱን መንገር እንደሆነ ልማዷ አይደለም።

ቅዳሜ ጠዋት መካኒኩ ሱሪ እንዲሰፋለት ግራጫ ጨርቅ በሰው ላከ። እናት ጨርቁን ዘረጋች፣ በጠመኔ አሰመረች፣ ቆረጠች። ሜትሩ ከአንገቷ አልወረደም።

«እማ፣ ሰውየውን መቼ ለካሽው?»

«ዓይኔ ይለካል።»

«ትናንት የኔን ቀሚስ ሦስቴ ስትለኪ ዓይንሽ የት ሄዶ ነበር?»

እናት የስፌት መኪናዋን ፔዳል ረገጠች። ልጅቷ ያን ልጅ ትውደደው ወይስ ወንድሜ ትበለው፣ ይህን የምታውቅ አንዲት ሴት ናት፤ እሷም ስፌት ይዛለች።

«እማ፣ ያ ልጅ ምኔ ነው?»

መኪናው ቆመ። እናት ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ ጠቀለለችና መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

«በሩን ዝጊልኝ» አለች፣ «ብርድ ገባ።»