በእናቶች በኩል ያለው ስክሪን

ይህን ለባለቤቴም ለልጆቼም ነግሬ አላውቅም። ለጌታ ነግሬዋለሁ፤ ለእሱ መንገር ግን አይከብድም፣ ሲሆን አይቷል። የሚያስፈራኝ ለሰው መንገር ነው። አሁንም እየፈራሁ ነው የምጽፈው።

ዲላ በሚገኘው አጥቢያችን ረቡዕ የማጽዳት ተራዬ ነበር። እኛ እናቶች የምንቀመጠው ከምሰሶው ጀርባ ስለሆነ፣ መድረኩ ላይ ባለው ስክሪን የሚወጣውን መዝሙር ማንበብ አንችልም ነበር። ያሰበችልን አስቴር ናት። ከወርቃ ከተማ መጥታ እዚህ ኮምፒውተር የምታስተምር፣ በአጥቢያችንም ላፕቶፑን ይዛ የምታገለግል ልጅ ነበረች። ላፕቶፑ አንድ ስክሪን ብቻ ነው የሚቀበለው። እሷ ሽማግሌዎችን ለምና፣ በዩኤስቢ የምትሰካ የክብሪት ቀፎ የምታክል አዳፕተር አስገዛች። በአዳፕተሯ አማካይነት በእኛ በኩል ሁለተኛ ስክሪን ተሰቀለልን። ዓይኔ እንደደከመ ስታውቅ ደግሞ ፊደሎቹን አተለቀችልኝ። ጌታ ይባርክሽ አልኳት። ከልቤ ነበር።

አንድ ረቡዕ ጠረጴዛውን ልወለውል ብዬ አዳፕተሯን ከኬብሉ ነቀልኩ። ከእጄ አምልጣ የመወልወያው ባልዲ ውስጥ ገባች። አወጣኋት፣ አራገፍኳት፣ በቀሚሴ ጠረግኋት፣ መልሼ ሰካኋት። ማንም አላየኝም።

እሁድ በመጀመሪያው መዝሙር ስክሪናችን በራ። ተመስገን አልኩ። ጥፋቴን ስለሸፈነልኝ ነበር ያመሰገንኩት። በሁለተኛው መዝሙር መሐል ተንቀጠቀጠና ጨለመ።

ጎረቤቴ ብዙነሽ፣ "ሰይጣንም አቅሙ እኛ አሮጊቶቹ ላይ ነው፤ በወንዶቹ በኩል ያለውን ለምን አያጠፋም?" ብላ በነጠላዋ ተሸፍና ሳቀች።

አስቴር ነቅላ ሰካችው፤ በራ። ትንሽ ሲቆይ፣ ሲሞቅ፣ መልሶ ጨለመ። በሳምንቱ ኬብሉን ቀየረች። ቀጥሎ ሁለቱን ስክሪኖች አቀያየረች፤ ከመድረኩ የመጣው ደህናውም እኛ ጋ ሲደርስ ጨለመ። ፕሮግራሙን አጥፍታ እንደ አዲስ ጫነች። በሥራ ቀን ለአፍታ ስትሞክረው ይሠራል፤ እሁድ ይጠፋል። በመጨረሻ እኔ ዘንድ መጣች።

"እማማ፣ ሲያጸዱ ይህችን ነገር ነክተዋት ያውቃሉ? አይቆጡኝ፤ ችግሩ ከየት እንደመጣ ልወቅ ብዬ ነው።"

"እኔ የኮምፒውተር ነገር ምን አውቄ እነካለሁ፣ ልጄ?"

"እሱስ እውነትዎን ነው" ብላ ትከሻዬን ሳመችኝ።

ዋሸሁ። ለምን ዋሸሁ? ያችን ልጅ ምን አድርጋኝ ፈራኋት? ዛሬም ምክንያት ስፈልግ አላገኝም። ባገኝስ ምን ይጠቅመኛል?

አስቴር "ችግሩ አዳፕተሯ ናት፣ ትቀየር" ስትል አንድ ሽማግሌ፣ "ገና አዲስ ዕቃ ነው። አዲስ ዕቃ በአምልኮ ሰዓት ብቻ የሚጠፋው ለምንድን ነው?" አሉ። በአገልጋዮች መሐል የተሰወረ ኃጢአት ሳይኖር አይቀርም ተባለ። በላፕቶፑ የምታገለግለው እሷ ብቻ ናት፤ ሰው ሁሉ ወደ እሷ አየ።

እናቶች እንድንጸልይላት ተጠራን። ተንበረከከች። አዳፕተሯን የጣለውን ያንኑ እጄን ራሷ ላይ ጫንኩ። በአፌ "ጌታ ሆይ፣ የተሰወረውን ግለጥ" እያልኩ፣ በልቤ "አትግለጥ" እለው ነበር።

"ምን እንዳደረግሁ አላውቅም፤ ካለ ግን ይቅር በሉኝ" ብላ አለቀሰች።

የእኔን ኃጢአት እሷ ተናዘዘች። እኔ አሜን አልኩ።

ለጊዜው ከአገልግሎት ዕረፊ አሏት። ለተተካው ልጅ ሌላ አዳፕተር ተገዛለት፤ ስክሪኑም ደህና ሆነ። እኚያው ሽማግሌ "ይኸው፣ ብርሃኑ ተመለሰ" ሲሉ ጉባኤው አሜን አለ። ያን ጊዜም አሜን አልኩ። አስቴር ወደ ወርቃ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ በየትኛውም ቤተ ክርስቲያን ደጅ እንዳላለፈች ሰማሁ። እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው። ስለዚያች ነፍስ የምጠየቀው እኔ ነኝ።

ጌታ ብዙ አድርጎልኛል። ልጆቼን አሳድጎልኛል፣ ጤና ሰጥቶኛል። በተቀበልኩ ቁጥር ግን የእሷን ድርሻ የወሰድኩ ይመስለኛል። በእኛ በኩል ያሉት ፊደሎች ዛሬም ትልልቅ ናቸው፤ መልሶ ያሳነሳቸው የለም። እሷ ባተለቀችልኝ ፊደል እያነበብኩ እዘምራለሁ። ስክሪኑ ብልጭ ባለ ቁጥር ድምፄ ይቋረጣል።

እሁድ በጉባኤው ፊት እናገራለሁ። አስቀድማ ግን እሷ ትስማ፤ ቅዳሜ ወደ ገደብ ከተማ በሚሄደው መኪና ተሳፍሬ ወርቃ እሄዳለሁ። አውቃታለሁ፤ ትከሻዬን ስማ "ምንም አይደል፣ እማማ" ትለኛለች። ከሁሉም የምፈራው ይህን ነው።